ካንሰርን በጀግንነት ታግላ ተሸነፈች?

በፌስቡክና በቴሌግራም የሚለጠፉ የሐዘን መግለጫዎችን የሚከታተል ሰው አንድ ሐረግ እየተለመደ መምጣቱን ሳያስተውል አይቀርም። የሟች ፎቶ፣ ከጎኑ የበራ ሻማ፣ ከሥሩ ደግሞ «ከካንሰር ጋር በጀግንነት ስትታገል ቆይታ በመጨረሻ ተሸነፈች» የሚል ጽሑፍ። ቤተሰብ በሐዘን ላይ ሆኖ የጻፈውን እየመነዘሩ መተቸት ደግ ነገር አይደለም። የሚጽፉት ሰዎች የወደዱትን ሰው ለማክበር ነው የሚጽፉት። ሐረጉ ግን የእነሱ አይደለም። ቃላቱ አማርኛ ይሁኑ እንጂ አባባሉ የተወሰደው ከእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ሰዎቹን ትቶ አባባሉን መጠየቅ ይቻላል።

አማርኛ ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ የራሱ አነጋገር ነበረው፤ አሁንም አለው። በጋዜጣ፣ በሬዲዮ፣ በቀብር ላይ በሚነበብ የሕይወት ታሪክ ያልሰማው የለም፦ «ባደረባቸው ሕመም በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።» ደረቅ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል፤ ከመሰልቸቱ የተነሳ ማንም ልብ ብሎ አይሰማውም። ልብ ብሎ ለሰማው ግን ብዙ ነገር አለው። ሕመሙ «አደረባቸው»፤ ራሱ መጣ እንጂ እሳቸው አልጠሩትም። «ሲረዱ ቆይተው»፤ ሰው ነበራቸው፣ ብቻቸውን አልነበሩም። ከዚያ «ተለዩ»። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተፋላሚ የለም፤ ስለዚህ ተሸናፊም የለም።

አዲሱ ሐረግ ግን ሁለቱንም ይዞ መጣ።

የእንግሊዝኛው ቃል «ብሬቭሊ» ነው። «ብሬቭ» ጀግና፣ ደፋር ማለት ሲሆን መጨረሻ ላይ የተቀጠለችው «ሊ» ቅጽሉን ተውሳከ ግሥ ታደርገዋለች። ይህች «ሊ» በጥንቱ እንግሊዝኛ አካል፣ መልክ ከሚል ቃል የመጣች ናት። ስለዚህ ቃሉ ወደ ሥሩ ተመልሶ ሲፈታ «በጀግና መልክ» እንደማለት ነው። አማርኛ ቶሎ፣ ገና፣ ክፉኛ ከመሳሰሉት ጥቂቶች በቀር የራሱ የሆኑ ተውሳከ ግሦች ብዙም ስለሌሉት በስም ላይ «በ» እያከለ «በጀግንነት» ይላል። እስከዚህ ድረስ ትርጉሙ ትክክል ነው፤ መዝገበ ቃላት የሚያርመው ነገር የለም።

የቃሉ ታሪክ ግን ለጀግና ከሚጠበቀው የተለየ ነው። እንግሊዝኛ «ብሬቭ»ን ከፈረንሳይኛ ወሰደው፤ ፈረንሳይኛ ደግሞ «ብራቮ» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል። ብራቮ መጀመሪያ የዱር፣ ያልተገራ፣ አስፈሪ ማለት ነበር። ብዙ የቃላት ታሪክ አጥኚዎች ከዚያም ወደ ኋላ ሄደው ባዕዱንና ያልሠለጠነውን ሰው ይጠሩበት ከነበረው «ባርባሩስ» ከተባለው የላቲን ቃል ጋር ያያይዙታል። የዱርነቱ ትርጉም ዛሬም በስፔን በሕይወት አለ፤ በሜዳ ለፍልሚያ የሚቀርበው ኮርማ «ቶሮ ብራቮ» ይባላል፣ «ኮስታ ብራቫ» የሚባለው የካታሎኒያ የባሕር ዳርቻም ስሙን ያገኘው ከሸካራ ገደሉ እንጂ ከጀግንነት አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ደግሞ «ብራቪ» የሚባሉት በየመኳንንቱ ቤት ተቀጥረው ሰው የሚያስፈራሩና የሚገድሉ ወሮበሎች ነበሩ። የማንዞኒ ታዋቂ ልቦለድ «እጮኛሞቹ» የሚጀምረው እነዚህ ሰዎች አንድን ቄስ መንገድ ላይ ጠብቀው ሲያስፈራሩት ነው።

ዛሬ ያው ቃል በጣሊያን ትምህርት ቤት ውስጥ የቤት ሥራውን በደንብ ለሠራ ልጅ ይሰጣል። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም። «ጎበዝ» የሚለው ቃል በአንድ በኩል በ«የጎበዝ አለቃ» ውስጥ ጦር የያዘውን ጎልማሳ ሲያመለክት በሌላ በኩል ከክፍሉ አንደኛ የወጣችውን ተማሪ ያወድሳል። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ መንገድ ሄደዋል። እንግሊዝኛ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዶ ለረጅም ጊዜ «ብሬቭ»ን ያማረ፣ ያጌጠ፣ ዓይን የሚስብ ለማለት ይጠቀምበት ነበር። በሼክስፒር ዘመን አንድ ሰው «ብሬቭሊ» ለበሰ ቢባል አምሮ ለበሰ ማለት ነው። አልዶስ ሃክስሌይ እ.ኤ.አ. በ1932 ለታተመው ልቦለዱ ርዕስ ከሼክስፒር የወሰደው ቃልም ይኸው ያማረ የሚለው ነው፤ ጀግና የሚለውን የሚያስቡ ብዙ ናቸው።

ይህ ሁሉ ለጨዋታ የተነሳ አይደለም። ቃሉ ከጥንት ጀምሮ የሚናገረው ከውጭ ስለሚታይ ነገር ነው፤ ስለ አስፈሪነት፣ ስለ ማማር፣ ለተመልካች ስለሚታይ መልክ። ቀስ ብሎ ሄደ ከተባለ በሰዓት መለካት ይቻላል። በጀግንነት ሄደ ከተባለ ግን የተነገረው ስለ እግሩ ሳይሆን የተመልካቹ ፍርድ ነው። እንግሊዝኛ በዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር ይጨምራል። ተውሳከ ግሡ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ሲቀመጥ «መሄዱ ራሱ ጀግንነት ነው» ማለት ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ ሲቀመጥ «የሄደው እንደ ጀግና ነው» ማለት ይሆናል። የመጀመሪያው ምርጫን ይጠይቃል። መቅረት ሲችል ሄደ፤ ጀግንነቱ እዚያ ላይ ነው። ወደ ሚነድ ቤት ተመልሶ የገባ ሰው ላይ ይሠራል። ካንሰር የያዘው ሰው ግን ወደ ካንሰሩ አልሄደም፤ መቅረትም አይችልም ነበር። ስለዚህ ለእሱ የሚቀርለት ሁለተኛው ብቻ ነው፤ እንዴት እንደታየ። ፊቱ፣ ፈገግታው፣ አለማልቀሱ።

እንግዲህ ያለቀሰችውስ? ሕክምናው ይብቃኝ ያለችውስ? በሦስተኛው ኬሞቴራፒ ከአልጋ መነሳት አቅቷት ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችውስ? የእሷ ሐዘን መግለጫ ላይ ምን ይጻፋል?

ይህን ጥያቄ ከ170 ዓመት ገደማ በፊት ያየችው ሴት ንግሥት ቪክቶሪያ ነበረች። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ ከተራ ወታደር እስከ ጄኔራል ማንኛውም ሰው ሊያገኘው የሚችል የጀግና ሜዳይ ለማቋቋም ተነሳች፤ አዋጁም እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 1856 ወጣ። ሜዳዩ ላይ እንዲቀረጽ የቀረበው የመጀመሪያ ሐሳብ «ለጀግኖች» የሚል ነበር፤ «ብሬቭ» የሚለውን ቃል የያዘ። ንግሥቲቱ ለጦር ሚኒስትሩ ለሎርድ ፓንሙር በጻፈችው ደብዳቤ አልተስማማችም። ምክንያቷ አጭር ነው፤ እንዲህ ከተጻፈ ሜዳዩን ያገኙት ብቻ ጀግና ተደርገው ይቆጠራሉ፣ ያላገኙትስ ምን ሊባሉ ነው? በእሷ ሐሳብ ጽሑፉ ተቀይሮ «ለጀግንነት» የሚል ሌላ ቃል ገባ። ሰውየውን ትቶ ሥራውን ይጠራል። እስከዛሬ በቪክቶሪያ ክሮስ ላይ ያለው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1857 በለንደኑ ሃይድ ፓርክ 62 ሰዎች ከንግሥቲቱ እጅ ሲቀበሉ ከሜዳው የተመለሱት በሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ወታደሮች ፈሪ ተብለው ወደ ቤታቸው አልገቡም። የአንድ ቃል ለውጥ ናት፤ ግን ያሰበላቸው ሰው ነበረ።

የዚያው ጦርነት ሌላ ታሪክ ቃሉ የሚሠራውን ሁለተኛ ሥራ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 1854 በባላክላቫ ወደ 670 የሚጠጉ የእንግሊዝ ፈረሰኞች በሸለቆ ውስጥ በቀጥታ ወደ ሩሲያ መድፎች ጋለቡ። ትእዛዙ የተላለፈው በስህተት ነው። ኮረብታ ላይ የነበረው ዋና አዛዥ ሎርድ ራግላን ሩሲያውያን የማረኳቸውን መድፎች ሲጎትቱ አይቶ እነዚያን እንዲያስጥሉ አዘዘ፤ ሸለቆው ውስጥ የነበረው ሎርድ ሉካን ግን ከቆመበት ሆኖ የሚታዩት ሌሎች መድፎች ነበሩ። መልእክቱን ያመጣው ካፒቴን ኖላን ገና በጅምሩ ተገደለ። ከ100 በላይ ፈረሰኞች ሞቱ። ሁለት ወር ሳይሞላ ቴኒሰን ግጥም ጻፈላቸው፤ ግጥሙ ስህተት መኖሩን አይደብቅም፣ ግን የማን እንደሆነ አይናገርም። ትውልድ በቃሉ የያዘውም ፈረሰኞቹ በጀግንነት መጋለባቸውን ነው። በጀግንነት ጋልበዋል፤ እውነት ነው። «ማን ላካቸው?» የሚለው ጥያቄ ግን የታሪክ ተማሪዎች ብቻ የሚጠይቁት ሆነ። አማርኛም ይህን ያውቀዋል። «ልጅዎ በጀግንነት ተሰውቷል» የሚል ቃል ለአንዲት እናት ሲደርስ የት፣ መቼ፣ በማን ትእዛዝ የሚለው ብዙ ጊዜ አብሮ አይደርስም። ተውሳከ ግሡ መልስ ስለሚመስል ጥያቄው ነውር ይሆናል።

ከጦር ሜዳ ወደ ሆስፒታል የተሻገረው እንዴት ነው? በሕክምና ውስጥ የጦርነት አነጋገር የቆየ ቢሆንም ለካንሰር ትልቁን በር የከፈተው ፖለቲካ ነው። ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 1971 የፈረሙት የካንሰር ሕግ «በካንሰር ላይ የተከፈተ ጦርነት» ተብሎ ታወቀ። ጦርነት ገንዘብ ያስገኛል፤ ምክር ቤት ለምርምር ከሚጠየቅ ለጦርነት ቢጠየቅ እጁ ይፈታል። ለምርምሩ ጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ጦርነት ከታወጀ ወታደር ያስፈልጋል፣ ወታደር የተደረገው ደግሞ በሽተኛው ነው። ራሷ የጡት ካንሰር ታማሚ የነበረችው ሱዛን ሶንታግ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን አነጋገር አጥብቃ ነቀፈች፤ በሽታ በሽታ ነው እንጂ የባሕርይ መፈተኛ አይደለም ስትል ተከራከረች። መጽሐፉ እስከዛሬ ይነበባል፤ የሐዘን መግለጫዎቹን ግን አልቀየራቸውም።

እዚህ ላይ «ጀግና ሁን ማለት ምን ይጎዳል? ብርታት ይሰጣል እንጂ» የሚል አለ። ትክክለኛ ተቃውሞ ነው። በእንግሊዝ ላንካስተር ዩኒቨርሲቲ የኤሌና ሴሚኖ የምርምር ቡድን ታማሚዎች ራሳቸው የጻፏቸውን ብዙ ጽሑፎች መርምሮ ነበር። ያገኘው ነገር ለሁለቱም ወገን አይመችም። አንዳንዱ ታማሚ ራሱን ተዋጊ ብሎ ሲጠራ እውነትም ይበረታል፤ ሌላው በዚያው ቃል እየተሸነፍኩ ነው እያለ ራሱን ይወቅሳል። ስለዚህ ታማሚው ስለ ራሱ የመረጠው ቃል የራሱ ነው፤ ሌላ ሰው ሲያለብሰው ግን ነገሩ ይለወጣል። ሐዘን መግለጫ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጻፈው በሌላ ሰው ነው።

መንፈሰ ጠንካራ መሆን ዕድሜ ያስረዝማል የሚለውም በጥናት ተፈትሿል። ጄምስ ኮይንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት 1,093 የጭንቅላትና የአንገት ካንሰር ታማሚዎችን ተከታትለው ስሜታዊ ሁኔታቸው በሕይወት ለመቆየታቸው የሚያሳየው ነገር እንደሌለ አገኙ። በጥናቱ ውስጥ 646 ሰዎች ሞተዋል። ተስፋ የቆረጡት ተሸንፈው፣ የበረቱት ደግሞ አሸንፈው አልነበረም። ይህ ግኝት ሲሰሙት ቀዝቃዛ ይመስላል፤ እህቷን ያጣች ሴት «ትንሽ ብታገል ኖሮ» ከሚል ሐሳብ ጋር ሌሊቱን እንዳታሳልፍ ግን ይረዳታል። ዴቪድ ሃውዘርና ኖርበርት ሽዋርዝ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ጥናት ደግሞ ጤነኛውን ሰው ይመለከታል። ስለ ካንሰር በጦርነት ቋንቋ የተጻፈ ጽሑፍ ያነበቡ ሰዎች እንደ ማጨስና መጠጣት ያሉትን ነገሮች ለመቀነስ የነበራቸው ፍላጎት በተራ ቋንቋ ካነበቡት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጦርነት ማጥቃትን እንጂ ራስን መግታትን አያስታውስም።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ። ለረጅም ዓመታት በመላ ሀገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚገኘው በአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው ሀገር በአንድ በር ይሰለፍ ነበር ማለት ነው። በቅርብ ዓመታት ከአዲስ አበባ ውጭም ማዕከላት መከፈት ቢጀምሩም ወራት የሚፈጅ ወረፋ፣ የተበላሸ ማሽን፣ በገበያ የጠፋ መድኃኒት ለታማሚው ቤተሰብ ዜና አይደለም። አንዲት እናት ከገጠር መጥታ፣ ዘመድ ቤት ተጠግታ፣ ለጨረር ተመዝግባ፣ ተራዋ ሳይደርስ ብትሞት «ካንሰርን በጀግንነት ታግላ ተሸነፈች» ይባልላታል? በምን ታገለች? የተሰጣት ቀጠሮ እንጂ መሣሪያ አልነበረም። እንዲህ ሲባል የባላክላቫው ነገር ይደገማል። ተውሳከ ግሡ ሟቿን ያሞግስና ወረፋውን ይሸፍናል። የሚጠየቀው በጀት፣ የሚጠየቀው የጥገና ውል፣ የሚጠየቀው ባለሥልጣን ሁሉ «ጀግና ነበረች» ከሚለው ቃል ጀርባ ይቆማል።

ይህ ማለት ግን «ባደረባቸው ሕመም» የሚለው ነባር አነጋገር ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ትልቅ ጉድለት አለው። የበሽታውን ስም አይጠራም። «ሕመም» ይላል፤ ምን ሕመም? በየቤቱም እንዲሁ ነው፤ «ያ በሽታ» ይባላል፣ «ክፉ በሽታ» ይባላል፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «ነቀርሳ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ታማሚዋ ራሷ ስሙን ሳትሰማ ትሞታለች፤ ሐኪሙ የነገረው ለወንድሟ ነው፣ ወንድሟም «ትሰበርብኛለች» ብሎ በሆዱ ይዞታል። ከፍቅር ነው የሚደረገው። ውጤቱ ግን የሟች እህቶችና ሴት ልጆች እናታቸው በምን እንደሞተች ሳያውቁ ይኖራሉ። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው በቤተሰብ ውስጥ መኖሩ ሲታወቅ ምርመራ ቀደም ብሎ ሊጀመር ይችላል፣ ሁለተኛውን ደግሞ በክትባትና በምርመራ በብዛት መከላከል ይቻላል። ሀገሪቱ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት መስጠት ከጀመረች ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። እናት ልጇን ለማስከተብ የምትጓጓው አክስቷ በምን እንደሞተች ካወቀች ነው።

ስለዚህ ከእንግሊዝኛው ሐዘን መግለጫ ውስጥ መዋስ የሚገባው ነገር አለ፤ ስሙ ነው። «ካንሰር» ብሎ በአደባባይ መጻፍ ለአማርኛ አንባቢ ትልቅ ለውጥ ነው፤ አዲሱን ሐረግ የሚጽፉ ቤተሰቦችም ለዚህ ሊመሰገኑ ይገባል። ያዋጣው ስሙ ነው፤ ተውሳከ ግሡ ሳይጠራ አብሮ የገባ እንግዳ ነው።

ብርታት መስጠትስ? ለእሱ አማርኛ የማንንም ቃል መዋስ አያስፈልገውም፤ «አይዞሽ» አለ። ለወደቀ ሕፃን፣ ለፈተና ለሚቀመጥ ተማሪ፣ ለሐዘንተኛ፣ ለታማሚ የሚባለው ይህ ቃል ምንም ቅድመ ሁኔታ የለውም። ያለቀሰችም አይዞሽ ትባላለች፤ እንዲያውም አብልጣ የምትባለው ያለቀሰችው ናት። ፈራሁ ያለችም ትባላለች። ደግሞም የሚባለው ሰሚው በሕይወት እያለ፣ እጁ ተይዞ ነው። «በጀግንነት» ስለ ሟች ለሌሎች የሚነገር ምስክርነት ነው፤ «አይዞሽ» ግን ለራሷ ይደርሳታል።

ለሐዘን መግለጫው የሚበቃው ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ «በጡት ካንሰር ታምማ በሕክምና ስትረዳ ቆይታ በ41 ዓመቷ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች።» ይህን ስልኳ ላይ ያነበበች ታናሽ እህቷ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ «በቤተሰብ ይህ በሽታ የነበረበት አለ?» ተብላ ስትጠየቅ የምትመልሰው ይኖራታል።